ዝናብ፣ ጋዝና የኤሌክትሪክ ዋጋ፤ ከፉሪ ሲታይ



ከፉሪ ተራራ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን የሚመለከት ሰው የኢትዮጵያን የኤሌክትሪክ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ያገኘዋል። በስተደቡብ ትንሹና ትልቁ አቃቂ የሚገናኙበት የአባ ሳሙኤል ግድብ አለ፤ ይኸውም በ1931 ዓ.ም. ገደማ በጣሊያኖች ተሠርቶ 6.6 ሜጋዋት ኃይል ለአዲስ አበባ ይሰጥ የነበረ፣ ኋላም ደለልና የከተማው ጉድፍ አጨናንቀውት ለአርባ ዓመታት ያህል ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ገደማ በቻይና ድጋፍ ታድሶ የተነሣ፣ በአገሪቱ ካሉት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች ሁሉ አንጋፋው ነው። በስተምዕራብ ከጊቤ ሸለቆ የሚመጣው የ400 ኪሎቮልት መሥመር የሚያርፍበት የሰበታ ማከፋፈያ ጣቢያ ይገኛል። ከግርጌው ደግሞ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀበት የለቡ ጣቢያ አለ።

በዋና ከተማው ዙሪያ እንደ ቀለበት በተቀመጡትና ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በነዚህ ከተሞች ላይ የሚዘንበው ዝናብ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይፈስም። ከወጨጫ ተራራ በሰበታና በቡራዩ በኩል የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ ገብቶ ቆቃ ይደርሳል። ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታ ሜዳ ላይ የወረደው ግን ወደ ሙገር ይጓዛል፤ ከሙገርም ወደ ዓባይ፣ ከዓባይም ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይዘልቃል። ሦስተኛው ተፋሰስ፣ ማለትም ጊቤና ኦሞ፣ ለነዚህ ከተሞች በውኃ ባይሆንም በሽቦ ይደርሳቸዋል። የበለስ ኃይል በሱሉልታ፣ የጊቤ በሰበታ፣ የሕዳሴው በሆለታ በኩል ይገባል። እንግዲህ አንድ የፉሪ ነዋሪ ማታ አምፖሉን ሲያበራ በጅማ፣ በጎጃምና በወለጋ የዘነበውን ዝናብ እየተጠቀመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ያ ዝናብ የቀረ እንደሆነ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው።

በሌላው ዓለም ላለው መልሱ እምብዛም አያስቸግርም። ኤሌክትሪክ በጅምላ በሚሸጥባቸው ገበያዎች፣ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ፣ ዋጋው የሚቆረጠው በየሰዓቱ ወይም ከሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። ማመንጫዎች ከርካሹ ወደ ውዱ በተራ ይሰለፋሉ፤ የሰዓቱን ፍላጎት ለመሙላት መጨረሻ ላይ የተጠራው ማመንጫ የጠየቀው ዋጋ ለሁሉም ዋጋ ይሆናል። ያ የመጨረሻው ተጠሪ በብዙ አገር በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ማመንጫ ነው። ከሚያቃጥለው ጋዝ ግማሹን ያህል ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ጣቢያ ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሁለት ሜጋዋት ሰዓት ጋዝ ይፈልጋልና፣ ጋዙ አንድ ብር በጨመረ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ሁለት ብር ይጨምራል ማለት ነው። የአየር ጠባይም በዚህ ላይ በሁለት በኩል ይገባል። ብርዱ ወይም ሙቀቱ ፍላጎቱን ያንረዋል፤ ድርቁ ደግሞ ርካሹን የውኃ ኃይል ከሰልፉ ያስወጣና ውዱን ጋዝ ወደ ፊት ያመጣዋል።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በቴክሳስ የወረደው ብርድ የጋዝ ጉድጓዶችንና ማመንጫዎችን አቀዝቅዞ ባቆመ ጊዜ የአንድ ሜጋዋት ሰዓት የጅምላ ዋጋ 9,000 ዶላር ደርሶ ለቀናት በዚያው ቆየ፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ይሁን እንጂ ለኢትዮጵያ ባለሙያ ከዚህ የበለጠ የሚቀርበው ምሳሌ የካሊፎርኒያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ዝናብ አነሰ፤ ከዚያ ወደ ካሊፎርኒያ ይመጣ የነበረው የውኃ ኃይል ተመናመነ፤ በዚያው ወቅት የጋዝ ዋጋ ናረ። የነጋዴዎች ተንኮል ነገሩን እንዳባባሰው በኋላ በምርመራ ተረጋግጧል። ሆኖም ትልቁ ትምህርት ሌላ ነው። የጅምላው ዋጋ ሰማይ ሲነካ ቤተሰቡ የሚከፍለው ታሪፍ በሕግ ታስሮ ነበር። ኩባንያዎቹ በውድ እየገዙ በርካሽ ሸጡ። ከትልልቆቹ አንዱ የሆነው ፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ በሚያዝያ 2001 እ.ኤ.አ. ከስሬአለሁ ብሎ ፍርድ ቤት ገባ፤ መብራትም በየሰፈሩ በተራ ይጠፋ ነበር። ዋጋው በወረቀት ላይ ስለታሰረ ወጪው አልቀረም፤ ሌላ በር ፈልጎ ወጣ እንጂ።

በኢትዮጵያ ወጪው የሚወጣበት በር የትኛው እንደሆነ ለማየት መጀመሪያ አደረጃጀቱን ማስታወስ ይበጃል። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፍሎ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎቹንና ከፍተኛ መሥመሮቹን፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ማከፋፈሉንና ሽያጩን ያዙ። ስለሆነም በሁለቱ መካከል የጅምላ ሽያጭ አለ። ነገር ግን ይህ ዋጋ በገበያ የሚወጣና የሚወርድ ሳይሆን ተጠንቶ በመንግሥት የሚጸድቅ ነው። ክረምቱ ሲያበቃ ግድቡ ሞልቶ ሲፈስም፣ ግንቦት ላይ ውኃው ወደ መጨረሻው ሲቃረብም ያው ነው። የችርቻሮው ታሪፍማ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥራ ሁለት ዓመታት ያህል ሳይነካ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው በየዓመቱ ከፍ እያለ እንዲሄድ የተወሰነው። ያኔም በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ በኪሎዋት ሰዓት 0.273 ብር እንዲከፍል ተደርጎ ተጠብቋል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ በየሩብ ዓመቱ የሚጨምር አዲስ ታሪፍ ተጀመረ። እነዚህ ጭማሪዎች የብድር ዕዳን፣ የግንባታን፣ የመለዋወጫንና የውጭ ምንዛሪን ወጪ ለመመለስ የታሰቡ ናቸው። የዝናብ ነገር በውስጣቸው የለም።

ዝናቡ የገባው በሌላ በኩል ነው። በ1994ና በ1995 ዓ.ም. ድርቅ የግድቦቹ ውኃ ስለጎደለ በ1995 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሆነ። በ2001 ዓ.ም. እንደገና ፈረቃ መጣ፤ በዚያን ጊዜ የተከዜና የጊቤ ሁለት ሥራ ገና አልተጠናቀቀም ነበርና ጉድለቱን በከፊል ለመሙላት በኪራይ የመጡ የናፍጣ ማመንጫዎች ተተከሉ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ 1,870 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጊቤ ሦስት ውኃው በመቀነሱ የውኃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስቴር 476 ሜጋዋት መጉደሉን ገለጸ። መብራት በቀን ለአምስት ሰዓታት ያህል በተራ እንዲጠፋ፣ ወደ ጎረቤት አገሮች የሚላከውም እንዲቋረጥ ወይም እንዲቀነስ ተደረገ። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ታሪፍ ከተነሣ ገና ስድስት ወር ቢሆነው ነው።

እዚህ ላይ ወደ ፉሪ ወፍጮ ቤቶች መመለስ ያስፈልጋል። በግንቦት ፈረቃ ጊዜ ጤፏን በጆንያ አሸክማ የመጣች እናት ሁለት ምርጫ አላት፤ ተራዋ እስኪመጣና መብራቱ እስኪመለስ መጠበቅ፣ ወይም ናፍጣ ሞተር ወዳለው ወፍጮ ሄዶ ጨምሮ መክፈል። የወፍጮው ባለቤት ሒሳብም ግልጽ ነው። አነስተኛ ጄኔሬተር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለማመንጨት የሊትር ሲሶ ያህል ናፍጣ ያቃጥላል። 15 ኪሎዋት የሚጎትት ወፍጮ መብራት በጠፋባቸው አምስት ሰዓታት ቢሠራ 25 ሊትር ይጨርሳል ማለት ነው። ሊትሩን በ100 ብር ቢያሰሉት ለአምስት ሰዓት 2,500 ብር፣ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 33 ብር ያህል ይሆናል፤ የሞተሩ ዘይት፣ ጥገናና የባለቤቱ ድካም ሳይታሰብ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ በመምጣቱና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ይህ ሒሳብ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አልሄደም።

እንግዲህ በኢትዮጵያ የደረቅ ዓመት የኤሌክትሪክ ዋጋ አለ። የሚጻፈው ግን በመብራት ደረሰኝ ላይ ሳይሆን በናፍጣ ማደያ ደረሰኝ ላይ ነው። የሰበታ ፋብሪካ በጄኔሬተር ይከፍለዋል። የሆለታና የሱሉልታ አበባ አምራች ጽጌረዳው በማቀዝቀዣ ክፍል እንዳይጠወልግ ሲል ይከፍለዋል። ጄኔሬተር መግዛት ያልቻለ ብየዳ ቤት ደግሞ ሠራተኞቹን በማሰናበት ይከፍለዋል። ቆጣሪው ያላየው ስለሆነ በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ ተደምሮ አይገኝም። ታሪፉን ዝቅ አድርጎ በማቆየት ሕዝቡ ከድርቅ ዋጋ ተጠበቀ የሚለው አባባል በዚህ በኩል ሲታይ ከእውነቱ ይርቃል። ጥበቃው የሠራው ለአምፖል ነው፤ ለወፍጮ አልሠራም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ማንሳት አግባብ ነው። በፉሪና በአካባቢው መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ግድቡን ያማል። ዳሩ ግን የአየር ጠባይ ኤሌክትሪክን የሚነሣው በሁለት ወቅትና በሁለት ቦታ ነው። በበጋው ማለቂያ በግድቡ ላይ፣ በክረምቱ መካከል ደግሞ በምሰሶው ላይ ይነሣዋል። በሐምሌና በነሐሴ ግድቦቹ እየሞሉ ሳሉ በወጨጫ ሥር ነፋስ የጣለው ባሕር ዛፍ ሽቦ ይበጥሳል፤ መብረቅ ትራንስፎርመር ያቃጥላል፤ የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ ይዘማል። የክረምቱ መጥፋት መድኃኒቱ የመሥመር ጥገናና የኮንክሪት ምሰሶ ነው፤ የበልጉ መጥፋት መድኃኒቱ ሌላ ነው። ሁለቱን ደባልቆ መናገር ለባለሙያ አይገባም፤ በስብሰባ ላይ ግን ዘወትር ይደባለቃሉ።

የበልጉን ለመፍታት በውኃ ኃይል የሚኖሩ ሌሎች አገሮች የሠሩበት ሐሳብ የውኃ ዋጋ የሚሉት ነው። በሐይቅ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ነዳጅ ስለማይገዛለት ነጻ ይመስላል፤ ነገር ግን ዛሬ በተርባይን ውስጥ ያለፈ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ግንቦት ላይ አይኖርም። ስለዚህ የዛሬው ውኃ ዋጋው ግንቦት ላይ ቢጎድል በምትኩ የሚቃጠለው ነዳጅ፣ ነዳጅም ከሌለ የሚቆመው ፋብሪካ የሚያጣው ገቢ ነው። ኖርዌያውያን ይህን በየሳምንቱ እያሰሉ ግድባቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በደቡብ ኖርዌይ ሐይቆቹ በጎደሉና በአውሮፓ የጋዝ ዋጋ በናረ ጊዜ ግን ስሌቱ ብቻውን ሕዝቡን አላስደሰተም፤ በሽቦ ከአውሮፓ ጋር ተያይዘዋልና የሩቁ ጋዝ ዋጋ በቤታቸው ምድጃ ላይ መጣ። መንግሥታቸውም የክፍያውን ከፊል መሸፈን ነበረበት። ከጎረቤት ጋር በሽቦ መተሳሰር ዋጋንም ያስተሳስራል።

ይህ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ የተዘረጋው 1,045 ኪሎ ሜትር የ500 ኪሎቮልት መሥመር ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለኬንያ ኃይል ያስተላልፋል። ውሉ ለ25 ዓመት ሲሆን በመጀመሪያ 200፣ ኋላ 400 ሜጋዋት፣ ዋጋውም በኪሎዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። በኬንያ ዝናብ ሲጠፋ በነዳጅ የሚሠሩ ማመንጫዎች ይነሣሉ፤ ወጪያቸውም የነዳጅ ክፍያ በሚል ስም በየወሩ ታውጆ በደንበኛው ደረሰኝ ላይ ይደመራል። የናይሮቢ ደንበኛ ቢያማርርም የድርቁን ዋጋ በቁጥር ያየዋል። የኢትዮጵያ ሻጭ ደግሞ ደረቅም ሆነ እርጥብ ዓመት ያው 6.5 ሳንቲም ያገኛል። ድርቁ በሁለቱም አገር በአንድ ጊዜ ቢመጣ ገዢው በዚያ ዋጋ ለማግኘት የሚጓጓበት፣ ሻጩ ደግሞ ለራሱ ሕዝብ የሚቸገርበት ጊዜ ይሆናል። ቋሚ ዋጋ ለብድር መክፈያ የሚመች በመሆኑ ውሉ በደፈናው አይነቀፍም። ወደፊት በምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ትስስር በኩል የሚፈረሙ ውሎች ግን ስለ ደረቅ ዓመት አንድ አንቀጽ ቢኖራቸው በ2011 ዓ.ም. እንደሆነው በአንድ ሳምንት ውሳኔ መሥመር ከመዝጋት ይሻላል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ይህን ሁሉ አይሽረውምን? በከፊል ይሽረዋል። 5,150 ሜጋዋት ማመንጨት የሚችልና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ነው፤ በዓመት ወደዚያ የሚደርሰው ውኃ በአማካይ ወደ 49 ቢሊዮን ስለሆነ ሐይቁ የአንድ ዓመት ተኩል ውኃ ይይዛል። አንድ ክረምት ቢሰንፍ አገሪቱ ወዲያው አትጨልምም። አደጋው በተከታታይ የሚመጡ ደረቅ ዓመታት ናቸው፤ በ1970ዎቹ የዓባይ ውኃ ለበርካታ ዓመታት ከአማካዩ በታች እንደወረደ መዛግብት ያሳያሉ። ያን ጊዜ የአገሪቱ ኃይል በአብዛኛው በዓባይ ዋና ወንዝ ላይ የተመሠረተ ስላልነበር የወንዙ መጉደል በራሱ አምፖል አላጠፋም። ዛሬ ቢደገም ያጠፋል። ለወጪ ንግድ የገባው ቃልና በውጭ ምንዛሪ የሚገዙት የመረጃ ማዕከላት ፍላጎት በጨመረ መጠንም በእርጥብ ዓመት የታየው ትርፍ ኃይል ሁልጊዜ ያለ መስሎ የመታየቱ ነገር ያሠጋል። ደግነቱ የአዳማና የአሸጎዳ ነፋስ የሚበረታው ውኃው በሚጎድልበት በበጋ ነው። ነፋስ የሚለካው በዓመት በሚሰጠው ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ሳይሆን በሚሰጥበት ወር ጭምር መሆን ይገባዋል።

ጋዝም አሁን በአገር ውስጥ አለ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በኦጋዴን የተገኘው የካሉብ ጋዝ ከግማሽ ምዕት ዓመት ጥበቃ በኋላ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመጀመሪያው ምዕራፍ ማምረቻው ተመርቋል። ለጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካም ታስቧል፤ ለኤሌክትሪክ ማመንጫም እንዲሆን የሚፈልጉ አሉ። በየቀኑ ለመብራት ቢቃጠል ከውኃው ጋር የማይወዳደር ውድ ኃይል ይሆናል፤ የታሪፉንም ነገር የሩቅ የጋዝ ገበያ ጥገኛ ያደርገዋል። ለደረቅ ዓመት ብቻ የተጠበቀ ጣቢያ ግን ሌላ ነገር ነው። ለብዙ ዓመታት ቆሞ የሚታይ ጣቢያ ለተመልካች ብክነት ይመስላል፤ ሒሳብ ሹምም ይቆጣል። ሆኖም መነጻጸር ያለበት ከሕዳሴው ኪሎዋት ሰዓት ጋር ሳይሆን በፉሪ ወፍጮ ቤት ከሚቃጠለው የ33 ብር ኪሎዋት ሰዓት ጋር ነው። በዚያ ሚዛን ሲመዘን ርካሽ ሊሆን ይችላል።

የኬንያን መንገድ እንዳለ መቅዳት አይገባም። ለእስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቃሚ የተሰጠው ጥበቃ እንዳለ ቢቆይ መልካም ነው፤ በበዓል ዋዜማ አራት ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ጥዳ እንጀራ የምትጋግር እናት የዝናብ መዋዠቅ እንድትሸከም ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው። ለትልልቅ ደንበኞች ግን በውል ላይ የተመሠረተ ምርጫ ሊቀርብ ይችላል። በደረቅ ወር ኃይል ለመቀነስ ቀድሞ የተስማማ ፋብሪካ በእርጥቡ ዓመት ቅናሽ ያግኝ፤ በምንም ሁኔታ አይቋረጥብኝ የሚል ደግሞ ለዚያ ዋስትና ይክፈል። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚያጠናው ታሪፍም የደረቅ ዓመት ሒሳብ የሚባል፣ በእርጥብ ዓመት የሚጠራቀምና በድርቅ ዓመት የሚወጣ አንድ መስመር ቢኖረው ለጥንቃቄ ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ሊደረግ የሚችለው ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። ክረምቱ ሲያበቃ በየግድቡ የተጠራቀመው ውኃ መጠን፣ ከአምናውና ከአማካዩ ጋር ተነጻጽሮ፣ እንደ ነዳጅ ዋጋ ሁሉ በየወሩ በይፋ ቢነገር፣ የሰበታ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ጥገናውን ግንቦት ላይ ያውለዋል፤ የሱሉልታ አበባ አምራች የመለዋወጫ ትዕዛዙን ያፋጥናል፤ በፉሪም የወፍጮው ባለቤት ለግንቦት በርሜል ናፍጣ መግዛት ይኑርበት አይኑርበት በጥቅምት ያውቃል።